«አንድ ፎቶ ይዘው ይምጡ»፦ የቤተሰብ ታሪክ ቀን ለማዘጋጀት ላሰባችሁ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። ጽሑፎችዎን ዘወትር አነባለሁ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በአካባቢያችን ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሰዎች የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚፈልጉበትና የሚመዘግቡበት አንድ ቀን ልናዘጋጅ ነው። አዳራሽ አግኝተናል። ያሰብነው ጠዋት አንድ የታሪክ መምህር ንግግር እንዲያደርጉ፣ ቀጥሎ ስለ ኢንተርኔት ፍለጋ ገለጻ እንዲሰጥ፣ ከሰዓት ደግሞ ሁሉም የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ላይ እንዲሥል ነው። የሚያሳስበኝ ግን አብዛኞቹ የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች መሆናቸው ነው። ኮምፒውተር አይነኩም። ማንበብ የሚቸግራቸውም አሉ። ሰምተው ብቻ እንዳይመለሱ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ ሰው ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ንግግሩን ሃያ ደቂቃ አድርጉት። የኢንተርኔቱን ገለጻ ለሌላ ቀን አቆዩት። የቀረውን ሰዓት በሙሉ ትልልቆቹ እንዲያወሩበት፣ ወጣቶቹ ደግሞ እንዲያዳምጡበትና እንዲመዘግቡበት ስጡት።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርሽ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። ወረቀት እወዳለሁ። ነገር ግን ወረቀት የሚነግርሽ መቼ ተወለደ፣ መቼ አገባ፣ መቼ ሞተ የሚለውን ነው። ሴትየዋ ለምን ቤቷን ጥላ እንደ ወጣች፣ ታናሹ ልጅ ለምን አያቱ ጋ እንዳደገ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በምን እንደ ተኳረፉ የሚያውቅ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። መዝገቡን የዛሬ ዓመትም ሄደሽ ታይዋለሽ። እሳቸውን ግን ላታገኚያቸው ትችያለሽ።

ወረቀትም ቢሆን ሁልጊዜ ይቆያል ማለት አይደለም። በ1922 እ.ኤ.አ. ደብሊን የነበረው የአየርላንድ ቤተ መዛግብት በእርስ በርስ ጦርነቱ ሲቃጠል የብዙ መቶ ዓመታት ሰነድ አብሮ ጠፋ። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በ1942 በእሳት ወድሟል። ዛሬ የዚያ ዘመን ቤተሰባቸውን ለሚፈልጉ ሰዎች በቤት ውስጥ የተቀመጠና በቃል የተላለፈ ነገር የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥሪውን ስትጽፉ «የዘር ሐረግዎን ይወቁ» አትበሉ። ብዙ ሰው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ይቀራል። «አንድ የቆየ ፎቶ ይዘው ይምጡ፤ ታሪኩን ያጫውቱን» በሉ። ፎቶ የሌለው ሰው ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት፣ የአባቱን ሰዓት ይዞ ይምጣ። ምንም የሌለው ደግሞ ባዶ እጁን ይምጣ፤ የአንድ አያቱን ስም ካስታወሰ በቂ ነው። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ፎቶዎ ከዓይንዎ ሳይርቅ ኮፒ ተደርጎ እዚያው ይመለስልዎታል»። ትልልቅ ሰዎችን ከቤት የሚያስወጣቸው ይህ መስመር ነው። ያለችውን አንዲት የእናቱን ፎቶ ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ የለም።

ይህ የተሞከረ መንገድ ነው። ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግዛቱ ከተሞች እየዞረ እንዲህ ያለ ቀን ያዘጋጅ ነበር። ሰዎች ጥቂት ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። እዚያው ስካን ተደርጎ ይመለስላቸዋል። እነሱም ታሪኩን ይናገራሉ። በአውሮፓም ከ2011 ወዲህ በብዙ አገሮች የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደብዳቤና ፎቶ በቤተሰቦች እጅ ያለው በዚሁ መንገድ ተሰብስቧል።

አሁን እንግዶቹ ፎቷቸውን ይዘው ወደሚቀመጡበት ጠረጴዛ እንምጣ። ቀኑ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ልጆች መድቡ። አንዱ ያዳምጣል፤ ዓይኑ ከእንግዳው ፊት አይነሳም። ሌላው ይጽፋል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ልሥራ ካለ አቀርቅሮ ሲጽፍ እንግዳው ዝም ይላሉ። የቆመ ወሬ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይቀጥልም።

ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። እጅ ታጥቦ ይድረቅ። ስካነር ካላችሁ ለፎቶ 600፣ ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ይበቃል። በስልክ ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፍላሹን አጥፍታችሁ አንሱ። ጀርባውንም አንሱት። የስቱዲዮ ማህተም፣ ቀን፣ አንዳንዴም ለማን እንደ ተላከ የሚገኘው እዚያ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀውን እናላቀው ብላችሁ አትታገሉ፤ ይቀደዳል። ገጹን እንዳለ አንሱት።

ቀጥሎ ስም ነው። በኮፒው ላይ በእያንዳንዱ ፊት አጠገብ ቁጥር ጻፉ። ከኋላ ረድፍ፣ ከግራ ጀምሩ። በሌላ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን የሰውየው ስም ከነአባቱ ይስፈር፤ ዝምድናውም ይጻፍ። «አጎቴ» ብቻ አይበቃም። የእናት ወንድም ነው ወይስ የአባት? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጅ የማን አጎት እንደ ነበር አያውቅም። ባለ ፎቶው በዋናው ጀርባ ላይ ይጻፍልኝ ካሉ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉላቸው። እስክሪብቶ ከፊት በኩል ይታተማል፤ ቀለሙም ሌላ ፎቶ ላይ ይጋባል።

አንድ ጊዜ እኔ በተቀመጥኩበት ጠረጴዛ አንዲት እናት ፎቶ ይዘው መጡ። ሁለት ወጣት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በቀኝ በኩል ፎቶው በመቀስ ተቆርጧል። በአንደኛዋ ትከሻ ላይ ግን የአንድ ወንድ እጅ ቀርቷል፤ አራት ጣትና የሰዓት ማሰሪያ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በእግሬ ነካ አደረግኩት። «ይሄ ቀሚስ ደስ ሲል! የማን ነው?» አልኳቸው። ስለ ቀሚሱ ጀመሩ። ከእህታቸው ጋር እየተዋዋሱ ይለብሱት እንደ ነበር፣ እህታቸው በወገብ ቀጠን ስለሚሉ ሁልጊዜ መርፌ ቁልፍ ይዘው ይሄዱ እንደ ነበር፣ ለፎቶው ቀን ጫማውን ከጎረቤት እንደ ተበደሩ ነገሩን። እኛ ዝም ብለን እንሰማለን። በመጨረሻ ራሳቸው ጣታቸውን በተቆረጠው እጅ ላይ አድርገው «ይሄ ባሏ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ። ምክንያቱንም ነገሩን። ቀጥለው ግን «ይሄ አይጻፍ» አሉ። አልተጻፈም፤ እዚህም አልጽፈውም። ፎርሙ ላይ የሰፈረው «በቀኝ የነበረው የእህት ባል ተቆርጧል» የሚለው ብቻ ነው፤ ያንንም አንብበንላቸው ይሁን ብለው ነው።

ልጆቹን ስታሠለጥኑ ይህንን አስተምሯቸው። ሰው ከሚታየው ነገር ይጀምራል፤ ከባዱን ከፈለገ ራሱ ያመጣዋል። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» የሚባል ጥያቄ የትም አያደርስም። ጥያቄው ትንሽ ይሁን። ልጅ እያሉ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማን ይተኛ ነበር? ከቤቱ ሰው የሚፈራው ማን ነበር? ስምዎን ማን አወጣልዎ? በመጀመሪያ ደሞዝዎ ምን ገዙ? አያትዎ ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር? በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከሁሉ አጥርተው የሚያስታውሱት ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው ያለውን ዘመን እንደሆነ የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አይተዋል። ጥያቄዎቻችሁን ወደዚያ አዘንብሉ።

ዓመተ ምሕረት እየጠየቃችሁ አታጨናንቋቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ሲባሉ ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? አባትዎ በሕይወት ነበሩ? ወደ አዲሱ ቤት ገብታችሁ ነበር?» ብትሉ ዘመኑን ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። የተጻፈ ቀን ካገኛችሁ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። እንግሊዝ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1752፣ ሩሲያ በ1918፣ ግሪክ በ1923 ነው፤ ከዚያ በፊት በቀናት የሚለየውን የዩልዮስን አቆጣጠር ነበር የሚጠቀሙት። የአንድ ሰው ልደት በሁለት ሰነድ ላይ በተወሰኑ ቀናት ቢለያይ አንዱ ውሸት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ድምፅ የምትቀርጹ ከሆነ ትልቁ አዳራሽ አይሆንም። ድምፅ ይመልሳል፤ የጎረቤት ጠረጴዛም ይገባል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ትንሽ ክፍል ፈልጉ። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፤ አለበለዚያ ልክ ዋናው ታሪክ ላይ ይጠራል። በባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቅረጹና መልሳችሁ ስሙት። ቀረጻው ሲጀምር የተራኪው ስም፣ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይነገር። ለአንድ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል መድቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ክፍል የተጀመረው ስቶሪኮር የተባለ የቃል ታሪክ መቅረጫ ድርጅት ዘመዳሞችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲቀርጽ የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ጊዜ ነው። ከዚያ ካለፈ ትልልቅ ሰዎች ይደክማሉ።

የሐረጉን ወረቀት በተመለከተ፣ ትልቅ ዛፍ ማሣሉን ተዉት። ቅርንጫፉ ባዶ የቀረበት ሰው ያፍራል። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀላል ሠንጠረዥ አባዙ። ሰውየው ራሱ 1 ነው። አባቱ 2፣ እናቱ 3። ከዚያ በላይ የማንኛውም ሰው አባት ቁጥር የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ እጥፉ ሲደመር አንድ። የእናት አባት 6፣ የእናት እናት 7 ይሆናሉ ማለት ነው። ዘዴው የቆየ ነው፤ የኦስትሪያው ታሪክ ጸሐፊ ሚካኤል አይትሲንገር በ1590 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተጠቅሞበታል። እስከ ቅድመ አያት ድረስ 15 ስም ብቻ ነው። 15ቱን በሙሉ መሙላት የሚችል ሰው ግን ከምትገምቱት በላይ ጥቂት ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ በሴት አያቶቻቸው እናት ላይ ይቆማሉ፤ ስሟን ማንም አልነገራቸውም። አንዲት ልጅ ያንን ባዶ ቦታ አይታ ወዲያው አዳራሹ መሃል ቆማ ለአክስቷ ስትደውል አይቻለሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «የቤተሰብ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ፎርም ከኢንተርኔት አታውርዱ። በስፔን ሰው የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ በአይስላንድ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚጠራው በወላጁ ስም ነው። ሰው ስሙን እንደሚጠራበት የሚጽፍበት ክፍት መስመር ተዉለት። ሌላው ደግሞ፣ በጉዲፈቻ ያደገ፣ የእንጀራ አባት ያሳደገው፣ አባቱን የማያውቅ ሰው ይመጣል። «ያሳደገኝ» የሚል መስመር ከ«የወለደኝ» እኩል በፎርሙ ላይ ይኑር። የሚያለቅስም ይኖራል። ውኃና ሶፍት ያለበት ጸጥ ያለ ጥግ፣ አጠገቡም ዕድሜ የጠገበ አንድ ሰው አዘጋጁ።

የፈቃዱን ነገር በጽሑፍ አድርጉት። ሦስት ምርጫ ይበቃል፦ ለቤተሰቤ ብቻ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጠው፤ ማንም ቢያየው ፈቃዴ ነው። ማንበብ ለሚቸግራቸው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው። ቀረጻው ካለቀ በኋላም ደግማችሁ ጠይቁ። ሲጀምሩ «ሁሉም ይስማው» ያሉ ሰው ሲጨርሱ ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ።

ለሌላ ቀን ያቆያችሁት የኢንተርኔት ገለጻ እንዲህ ያለ ቀን ካለፈ በኋላ በጣም ይጠቅማል። ሰዎቹ ስምና ዘመን ይዘው ይመጣሉና። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ በነጻ የሚሠራ ነው። መነሻው በ1894 እ.ኤ.አ. በሶልት ሌክ ሲቲ የተቋቋመ የዘር ሐረግ ማኅበር ነው። ከ1938 ጀምሮ በብዙ አገሮች መዝገብ በማይክሮፊልም (ሰነድን አሳንሶ በሚይዝ ፊልም) ሲያነሳ ኖሮ 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅሉን ወደ ዲጂታል ቀይሮ የጨረሰው በ2021 ነው። ከወጣቶቹ አንዱ እዚያ ፍለጋውን ይማርና ትልልቆቹን ያግዝ።

ጥያቄ፦ አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ወጣት ሳሉ ጦርነት ላይ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አውርተውን አያውቁም። እንዲህ ያለ ዝግጅት ቢኖር ልወስዳቸው እፈልጋለሁ፤ ግን እንዳስከፋቸው እሰጋለሁ። ልጆቼ አያታቸውን ሳያውቁ እንዳይቀሩ ነው ጭንቀቴ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ይውሰዷቸው፤ ግን ለማስወራት አይውሰዷቸው። አብረዎት ይቀመጡና የሌሎችን ፎቶ ይመልከቱ። የእኩዮቻቸውን ወሬ ይስሙ። ብዙ ዝምተኛ አባቶች አፋቸውን የሚከፍቱት ሌላው ሲሳሳት ነው። «አይ፣ እንደሱ አልነበረም» ካሉ ወሬው ተጀመረ ማለት ነው።

ሆድ ይፍጀው ብለው የተዉትን ነገር አይጎርጉሩ። ጦርነቱን ትተው በፊት የነበረውን ይጠይቁ። ከመሄዳቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር? የሸኛቸው ማን ነው? ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ሰው ማን ነበር? በጦርነቱ ጠርዝ ጠርዝ የሚሄዱ ጥያቄዎች ናቸው። መሃሉ ለመግባት ከፈቀዱ ራሳቸው ያስገባሉ። ካልፈቀዱም ጠርዙ ላይ ያገኙት ብዙ ነው።

ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅም ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አይመችም። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን፣ ወይም የተበላሸ ነገር አብራችሁ ስትጠግኑ ይሻላል። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። የልጅ ልጅ ቢጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለእርስዎ «ተወኝ» የሚሉ አባት ለአሥር ዓመት ልጅ ቁጭ ብለው ያስረዳሉ። ልጁን ግን እርስዎ እየላኩ አያስጠይቁት፤ ያውቁበታል።

ስለ ልጆችዎ ያነሱት ትክክል ነው። በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ለልጆች 20 ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር። አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? ወላጆችህ እንዴት እንደ ተዋወቁ ታውቃለህ? የሚሉ ናቸው። ብዙውን የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ይበሉ፣ ተመራማሪዎቹ ልጆቹ መልሱን በቃላቸው እንዲይዙ አይደለም የፈለጉት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ልጅ ያለበት ቤት አብሮ ተቀምጦ የሚያወራ ቤት ነው። ስለዚህ አባትዎ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ባይሉም ልጆችዎ አጠገባቸው ይቀመጡ።

አባትዎን በወጣትነታቸው የሚያውቁ ሰዎችም ይኖራሉ። እህታቸው ካሉ እሳቸውን ይቅረጹ። ያንን ግን ከአባትዎ ተደብቀው አያድርጉት። «አክስቴን ስለ ልጅነታችሁ ልጠይቃቸው ነው» ብለው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት አክስቶቼ የአያታችንን ስደት በሁለት ዓይነት መንገድ ይነግሩኛል። የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለቱንም ጻፊ። ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደ ነገረሽ፣ መቼ እንደ ነገረሽ ይስፈር። ዳኛ ሆነሽ አንዷን አታሸንፊ። ሰነድ ካገኘሽ በሦስተኛነት ጨምሪው፤ የአክስቶችሽን ቃል ግን አትሰርዢ። በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች «ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊው ስማችንን ቀየረው» ይላሉ፤ ደሴቷ ስደተኞች በመርከብ የሚገቡባት የኒው ዮርክ በር ነበረች። እዚያ የነበሩት መርማሪዎች ግን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የተዘጋጀውን የተሳፋሪ ዝርዝር ነበር የሚያመሳክሩት። ብዙዎች ስማቸውን የቀየሩት ኋላ ራሳቸው ናቸው። ታሪኩ እንደ ተወራው ባይሆንም አያት ስማቸውን በመተዋቸው ምን ያህል እንዳዘኑ ይነግርሻል። እሱን ደግሞ የትኛውም ዝርዝር ላይ አታገኚውም።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን አባላት ለቤተሰብ ታሪክ ቀን የዲኤንኤ መመርመሪያ ገዝተን እናከፋፍል፣ ሰውም ይስባል እያሉ ነው። ይጠቅማል?

መልስ፦ እኔ አልደግፈውም። ምርመራውን ጠልቼው አይደለም። በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ያገኙበት ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። የማልስማማው በአዳራሽ፣ በግርግር፣ ጓደኛ እያየ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መወሰኑን ነው።

ውጤቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ወንድማማቾች በአማካይ ከዲኤንኤያቸው ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ። አያቶቻቸው አንድ የሆኑ የአጎትና የአክስት ልጆች 12.5 በመቶ ገደማ። እኔ ስመረመር እህቴም፣ የአክስቴም ልጅ በከፊል ተመረመሩ ማለት ነው፤ እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። ውጤቱ ሲመጣም አባት ያሉት ሰው አባት ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ዜና ሰው ብቻውን ስልኩ ላይ ሲያነበው ምን እንደሚሆን አስቡት። የእናንተ ዝግጅት ያኔ አልቋል፤ አጠገቡ ማንም የለም።

የመረጃው አያያዝም አለ። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው የዲኤንኤ መርማሪ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ በሌላ እጅ ገብቷል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩባንያው የኪሳራ ጥያቄ ለፍርድ ቤት አቅርቧል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ዲኤንኤ አይቀየርም።

የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ የምታስረዱበት አንድ ጠረጴዛ ይኑራችሁ። የሚያስረዳው ሰው ጉዳዩን የሚያውቅ፣ ምንም የማይሸጥ ይሁን። ራቅ ያለ ዝምድና በዲኤንኤ ሁልጊዜ እንደማይታይም ይንገራቸው፤ የቅድመ አያቶቻቸው ወላጆች አንድ ከሆኑ ዘመዳሞች ከአሥሩ አንዱ ያህል ጥንድ በምርመራ የሚታይ የጋራ ነገር የላቸውም። ምርመራው «ዝምድና የለም» አለ ማለት የአያት ቃል ውሸት ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ዝግጅታችንን አካሄድን፤ በጣም ደስ የሚል ነበር። አሁን ግን የሁሉም ቅጂና ፎቶ በእኔ ስልክና በአንድ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሁላችንም ሥራ በዝቶብናል። ቀጥሎ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህንን ግን ዛሬ ማታ አድርጉት፣ ነገ አትበሉ። ሰዎቹ አደራ ነው የሰጧችሁ። አንድ ስልክ ቢሰረቅ የስንት ሰው ድምፅ ይጠፋል።

ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ሌላ አንድ ሙሉ ቅጂ በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ወይም በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ፤ ብዙ የመዝገብ ሰዎች የሚመክሩት ይህንን ነው። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም።

ከዚያ የፋይሎቹን ስም ቀይሩ። ስልክ የሰጣቸው ቁጥር ከሁለት ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይናገርም። ቀን፣ የተራኪው ስም፣ ተራ ቁጥር ይበቃል። የፎቶውና የድምፁ ስም አንድ ዓይነት አጀማመር ይኑረው፤ የፈቃዱ ፎርምም በዚያው ስም ስካን ይደረግ። ዋናውን ቅጂ አትቁረጡ፣ አታሳምሩ። ሳል የሚቆረጥለት፣ ድምፅ ከፍ የሚደረግለት ሌላ ኮፒ አውጡ።

ሐረጉን በኮምፒውተር የሚያስገባ ልጅ ካላችሁ ጌድኮም በሚባለው ዓይነት ፋይል እንዲያስቀምጠው ንገሩት። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ አብዛኞቹ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ያነቡታል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደት ቀንና አድራሻ ግን ኢንተርኔት ላይ አታውጡ። መንግሥታት እንኳ ይህንን ይጠብቃሉ፤ አሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቧን የምትከፍተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው የተከፈተው በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ነበር።

የመጨረሻው ሥራ ለየቤተሰቡ ማድረስ ነው፤ ብዙ ዝግጅቶች የሚቀሩትም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተራኪ የራሱ ድምፅና የፎቶው ቅጂ እጁ ይግባ። ስልክ ለማይጠቀሙት ፎቶውን በወረቀት አሳትሙላቸው፤ ቁጥርና ስሙ የተጻፈበትን ገጽም አያይዙ። ስትወስዱላቸው አስነብቧቸው ወይም አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ስም ካለ እዚያው ያርሙታል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፋፈሉና ከሁሉ በዕድሜ ከሚበልጡት ጀምሩ።